የማሸጊያ ጭቃ ምስክርነት፤ ከኡራርቱ ምሽጎች እስከ ደብረ ታቦር ደጋ

የጥንት መንግሥታት ንብረታቸውን የሚጠብቁት በበርና በዘበኛ ብቻ አልነበረም። የጋን አፍ፣ የከረጢት ማሰሪያ፣ የሣጥን ክዳን ወይም የዕቃ ቤት በር በገመድ ከታሰረ በኋላ በቋጠሮው ላይ እርጥብ ጭቃ ይለጠፍበታል፤ ጭቃው ሳይደርቅም የዕቃው ኃላፊ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ጭቃው አንዴ ከደረቀ ሳይሰብሩት ቋጠሮውን መፍታት ስለማይቻል፣ ደኅና ሆኖ የተገኘ ጭቃ ዕቃው እንዳልተነካ፣ የተሰበረ ጭቃ ደግሞ አንድ ሰው እንደከፈተው ያስታውቃል። በዚህ ዳሰሳ «ማኅተም» የሚባለው ከድንጋይ፣ ከአጥንት፣ ከሸክላ ወይም ከብረት የተቀረጸው መሣሪያ ሲሆን፣ «የማሸጊያ ጭቃ» የሚባለው መሣሪያው አሻራውን የተወበት ጭቃ ነው። ልዩነቱ ለታሪክ ጥናት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ማኅተም በባለቤቱ ጣት ወይም አንገት ላይ ሆኖ አገር ለአገር ይዞራል፣ ይወረሳል፣ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ የማሸጊያ ጭቃ ግን ዕቃው በተከፈተበት ቦታ ተሰብሮ ይወድቃልና የሥራውን ቦታ በትክክል ያመለክታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የኢትዮጵያን ሰሜናዊ ደጋ የጥንት መንግሥታት የሚመለከቱ ጽሑፎች ስለ ማኅተም ሲያነሡ በአብዛኛው የሚጠይቁት የማን እንደሆነና ምን እንደተጻፈበት ነው። የበለጠ ፍሬ ያለው ጥያቄ ግን ማኅተሙ ምን ይዘጋበት እንደነበረና የተዘጋውን ለመክፈት መብት የነበረው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት ማስረጃው እጅግ ከበለጸገባቸው ቦታዎች አንዱን፣ የኡራርቱን ምሽጎች፣ አስቀድሞ መመልከት ይጠቅማል።

ኡራርቱ ከ9ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በቫን ሐይቅ ዙሪያ፣ ዛሬ ምሥራቅ ቱርክ፣ አርመንያና ሰሜን ምዕራብ ኢራን በሚባሉት ተራራማ አገሮች የተዘረጋ መንግሥት ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ የአራራት ምድር የሚለውም ይኸው ነው። ክረምቱ በረዶ ስለሆነና መንገዶቹ ለወራት ስለሚዘጉ እያንዳንዱ ምሽግ የራሱን እህል፣ ወይን፣ ዘይትና መሣሪያ በራሱ ግምብ ውስጥ ማከማቸት ነበረበት፤ ስለዚህ የኡራርቱ ምሽግ የጦር ሰፈር የመሆኑን ያህል ትልቅ የዕቃ ቤት ነበር። በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የነገሠው የአርጊሽቲ ልጅ ሩሳ፣ በተለምዶ ዳግማዊ ሩሳ የሚባለው፣ ከሠራቸው ምሽጎች መካከል ሦስቱ ለማኅተም ጥናት መሠረት ሆነዋል። እነርሱም ከየሬቫን አጠገብ ያለው ካርሚር ብሉር፣ በሰሜን ምዕራብ ኢራን ያለው ባስታምና በቫን ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለው አያኒስ ናቸው።

ካርሚር ብሉርን ከ1939 ጀምሮ ያስቆፈረው ቦሪስ ፒዮትሮቭስኪ፣ ግማሽ አካላቸው በወለሉ የተቀበረ 400 ያህል ታላላቅ የወይን ጋኖችን አገኘ፤ በጋኖቹ ላይም የሚይዙት መጠን በኩኔይፎርም፣ ማለትም በሸክላ ላይ በሚጫን የሽብልቅ ቅርጽ ባለው ጽሕፈት፣ ተመልክቶ ነበር። የከተማይቱ ጥንታዊ ስም ቴይሼባይኒ እንደነበረ የታወቀውም ከቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ሳይሆን የሩሳ ስም ከተቀረጸበት የነሐስ የበር መቀርቀሪያ ነው። የዕቃ ቤት በር የከተማን ስም ጠብቆ ማቆየቱ የኡራርቱን አስተዳደር ጠባይ በሚገባ ያሳያል።

በባስታም ቮልፍራም ክላይስ የመራው የጀርመን ቡድን ከ1968 እስከ 1978 ባካሄደው ቁፋሮ ያገኘው ደግሞ ከዚህም የሚያስገርም ነው። ከሺህ የሚበልጡ የማሸጊያ ጭቃዎች፣ ብዙዎቹም የንጉሡን ስም የያዙ፣ እጅግ ከበዛ የእንስሳት አጥንት ጋር ተቀላቅለው በክፍሎች ውስጥ ተገኙ። ከቁፋሮው አባላት አንዱ የነበረው ፖል ዚማንስኪ ይህን አብሮ መገኘት እንቆቅልሽ ብሎ ጠርቶታል። የተሰጡት ማብራሪያዎች የተለያዩ ናቸው፤ አንዳንዶች ታሽጎ የመጣ ሥጋ ሲከፋፈል ለቁጥጥር የቀረ ቅሪት ነው ሲሉ፣ ሌሎች ከመሥዋዕት ጋር ያያይዙታል። ከሁለቱ መካከል የመጀመሪያው የበለጠ የሚያስኬድ ይመስላል፤ ምክንያቱም የማሸጊያ ጭቃ በባሕርዩ የርክክብ መሣሪያ ነው፣ ርክክብ ባለበት ደግሞ ቆጣሪ አለ፣ ቆጣሪም የተሰበረውን ጭቃ ሒሳቡ እስኪዘጋ ድረስ አይጥልም። ይሁንና ለአምላካቸው ለኻልዲ የሚቀርበው መሥዋዕትም በመንግሥት መዝገብ የሚታዘዝ ስለነበር፣ የቤተ መቅደሱንና የዕቃ ቤቱን ሥራ በጥብቅ መለየት በኡራርቱ ሁኔታ ላይ ከውጭ የተጫነ ክፍፍል ሊሆን ይችላል።

የኡራርቱ ማኅተሞች በቅርጻቸውም ልዩ ናቸው። ብዙዎቹ ትንሽ ሲሊንደር ሆነው ዙሪያቸው በጭቃው ላይ ይንከባለላል፣ የታችኛው ክብ ፊታቸው ደግሞ እንደ ዛሬው ማኅተም ይታተማል፤ ስለዚህ አንድ መሣሪያ ሁለት አሻራ ይሰጣል። ከንጉሡ ማኅተም ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአሦር ጽሕፈት ምልክቶች «አ.ኒን» ተብሎ የተጻፈ ማዕረግ ያለው ሰው ማኅተም ነው፤ ይህን ማዕረግ ከሊቃውንቱ ወገን የንጉሥ ልጅ ብለው የተረጎሙት አሉ፣ የለም የአስተዳደር ሹመት ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ ጥቃቅን የቋንቋ ጉዳይ ቢመስልም ውጤቱ ትልቅ ነው፤ ምሽጎቹ በንጉሥ ቤተ ዘመዶች ይተዳደሩ እንደሆነ ወይም በሹመት በሚኖሩ ሰዎች የሚለይበት በዚህ ነውና። በኢትዮጵያ ታሪክም የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በጅሮንድ ከንጉሥ ዘር መሆን ሳያስፈልገው በታማኝነት የሚሾም ሰው እንደነበረ ለሚያውቅ አንባቢ ጥያቄው ሩቅ አይሆንበትም።

በአያኒስ አልታን ቺሊንጊሮግሉ ከ1989 ጀምሮ የመራው ቁፋሮ ለዚህ ሥዕል ጽሑፍ ጨመረበት። እዚያ ከተገኙት የማሸጊያ ጭቃዎች ላይ ከማኅተሙ አሻራ በተጨማሪ በእጅ የተጻፈ የኩኔይፎርም ጽሕፈት ይነበባል፤ ጽሑፎቹን ያነበበው ኢጣሊያዊው ሚርዮ ሳልቪኒ ነው፤ በእነርሱም ዕቃው የመጣባቸው ቦታዎች ስሞች ይገኛሉ። የምሽጉ ሥራ እንጨቶች በ670ዎቹ ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እንደተቆረጡ ከእንጨቶቹ የዕድሜ ቀለበት ስለታወቀ፣ ጭቃዎቹ የሚመሰክሩለት ዘመን በጠባብ ክልል ተወስኗል። በሌላው የኡራርቱ ምሽግ በቶፕራቃሌ የተገኘ አንድ የሸክላ ጽላት ደግሞ 5,507 የቤተ መንግሥት ሰዎችን ይቆጥራል። ይህን ያህል ሰው ለመቀለብ ምን ያህል ጋን እንደሚከፈትና እንደሚታሸግ ሲታሰብ የጭቃው ብዛት አያስደንቅም።

እነዚህ ሁሉ ከጥፋት የተረፉት በእሳት ምክንያት ነው። የማሸጊያ ጭቃ ሲሠራ አይተኮስም፤ ውኃ ሲነካው ወደ አፈርነቱ ይመለሳል። ምሽጎቹ በ7ኛው ክፍለ ዘመን በተነሣ ቃጠሎ ሲወድሙ ግን ጣሪያቸው እየነደደ በጭቃው ላይ ወደቀና እንደ ሸክላ ጠበሰው፤ ከተማውን ያጠፋው እሳት መዝገቡን አተረፈው።

ከኡራርቱ ጥናት ጋር ሊነበብ የሚገባው ሌላ የዘዴ ለውጥ ከኢጣሊያዊቷ ኤንሪካ ፊያንድራ የመጣ ነው። እርሷ በቀርጤስ ደሴት ፋይስቶስ፣ በኋላም በምሥራቅ ቱርክ አርስላንቴፔ በተገኙ የማሸጊያ ጭቃዎች ላይ ስትሠራ፣ ተመራማሪዎች ሥዕል ያለበትን ፊት ብቻ ሲመለከቱ ችላ ያሉትን ጀርባ መረመረች። በጀርባው የገመድ፣ የጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቅርጫት ወይም የእንጨት መቀርቀሪያ አሻራ ስለሚቀር፣ ጭቃው የተለጠፈው በከረጢት ላይ ይሁን በበር ላይ ከዚያ ይታወቃል። ከ4ኛው ሺህ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሆኑት የአርስላንቴፔ ከ2,000 በላይ ጭቃዎች በዚህ መንገድ ሲነበቡ፣ ጽሕፈት ገና ባልገባበት ኅብረተሰብ ማን የትኛውን በር እንደሚከፍት የሚወስን ሥርዓት እንደነበረ አሳዩ። ለኢትዮጵያ ጥናት ከኡራርቱ ጽሑፎች ይልቅ ይህ ትምህርት ይበልጥ ይጠቅማል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጽሑፍ የሌለበት ጭቃም ሙሉ ምስክር መሆኑን ያረጋግጣልና።

ምሽግና የማሸጊያ ጭቃ ጎን ለጎን የተገኙበት፣ ከኢትዮጵያ ደጋም ጋር በውኃ የተያያዘ ሌላ ቦታ አለ። ከጉና ተራራ የሚነሣው የጉማራ ወንዝ በደራ በኩል አልፎ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይም በሱዳን በኩል ወርዶ በሁለተኛው የዓባይ ፏፏቴ አካባቢ የግብፅ መካከለኛው መንግሥት ነገሥታት በ2ኛው ሺህ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መጀመሪያ ግድም የገነቧቸው ምሽጎች በነበሩበት ስፍራ ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ በሆነው በኡሮናርቲ ጆርጅ ራይዝነር በ1920ዎቹ መጨረሻ ባደረገው ቁፋሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሸጊያ ጭቃዎች ተገኝተዋል። ከእነርሱ መካከል የግለሰብ ሹማምንትን ስም የያዙ አሉ፤ የበለጠ የሚያስተምሩት ግን የመሥሪያ ቤት ማኅተም ያለባቸው፣ የምሽጉ ጎተራ ወይም የምሽጉ ግምጃ ቤት የሚሉት ናቸው። መሥሪያ ቤት ከሹሙ ተለይቶ የራሱ ማኅተም ሲኖረው፣ ሹሙ ቢሻር ወይም ቢሞት ጎተራው አይዘጋም፤ ሥልጣን ከሰው ወደ ተቋም የተሸጋገረበትን ደረጃ ከዚህ የበለጠ በግልጽ የሚያሳይ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም።

ወደ ኢትዮጵያና ኤርትራ ደጋ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ የመጣው ከከሰላ ነው። ከኤርትራ ደጋ መረብ ተብሎ የሚነሣው ወንዝ ወደ ሱዳን ሜዳ ሲወርድ ጋሽ ይባላል፤ በጋሽ ዳር በማሃል ተግሊኖስ ሮዶልፎ ፋቶቪች የመራው የኢጣሊያ ቡድን ከ1980 ጀምሮ ባደረገው ቁፋሮ ከ3ኛውና ከ2ኛው ሺህ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሆኑ የሸክላ ማኅተሞች፣ የማኅተም አሻራ ያለባቸው የማሸጊያ ጭቃዎችና ለቆጠራ ያገለገሉ የሚመስሉ ትናንሽ የሸክላ ቁርጥራጮች አግኝቷል። ጽሕፈት የለባቸውም፤ ጌጣቸውም መስመርና ነጥብ ነው። የግኝቱ ክብደት ግን በጥበቡ አይመዘንም። በግብፅ፣ በቀይ ባሕርና በደጋው መካከል በነበረው የንግድ መስመር ላይ የሚኖር ሕዝብ ከአክሱም ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ዕቃን የማሸግና የመቁጠር ልማድ እንደነበረው ያረጋግጣል። ይኸው ፋቶቪች ከካትሪን ባርድ ጋር በቀይ ባሕር ዳር በመርሳ ጋዋሲስ ባካሄደው ቁፋሮ ግብፃውያን ወደ ጱንት የሚልኳቸው መርከቦች ወደብ ተገኝቷል፤ እዚያም ከማሸጊያ ጭቃዎች በተጨማሪ የጱንትን ድንቅ ዕቃ እንደያዙ የሚናገር ጽሑፍ ያለባቸው የጭነት ሣጥኖች ነበሩ። ጱንት የቀይ ባሕርን ደቡባዊ ዳርቻዎችና ከዚያ ወደ ውስጥ ያለውን አገር የሚያካትት መሆኑን ብዙዎች ስለሚቀበሉ፣ የማሸግ ሥርዓቱ የተዘረጋው በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በደጋው በራሱ ላይ የሚታወቁት ማስረጃዎች ከማሸጊያ ጭቃው ይልቅ የማኅተሙን ወገን ያጎላሉ። በየሐ ፍራንሲስ አንፍራይ በ1960ና ከዚያ በኋላ በቆፈራቸው መቃብሮች ውስጥ በጥንታዊው የደቡብ ዓረብ ፊደል የሰው ስም የሚያሳዩ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆነው የተሠሩ የነሐስ ዕቃዎች ተገኝተዋል፤ አንዳንዶቹም የእንስሳ ቅርጽ አላቸው። ተመራማሪዎች «የማንነት ምልክት» ብለው ሰየሟቸው። በእርጥብ ጭቃ ላይ ቢጫኑ ስሙን ጥርት አድርገው ማሳየት ስለሚችሉ ማኅተም ናቸው የሚለው አስተያየት ሚዛን ይደፋል፤ ከባለቤቶቻቸው ጋር መቀበራቸው ደግሞ ሥልጣኑ ገና ከግለሰቡ እንዳልተለየ፣ እንደ ኡሮናርቲ ጎተራ የራሱ ማኅተም ያለው መሥሪያ ቤት ገና እንዳልቆመ የሚጠቁም ይመስላል።

ከየሐ ሰሜን ምሥራቅ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በቤተ ሰማዕቲ ማይክል ሃሮወር የመራው ቡድን ከ2011 እስከ 2016 ቆፍሮ ውጤቱን በ2019 አሳትሟል። ቦታው 14 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የአክሱም ዘመን ከተማ ሲሆን፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ባዚሊካ፣ ማለትም ረጅም የአዳራሽ ቅርጽ ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ተገኝቶበታል። ከግኝቶቹ መካከል የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ዕንቁ ያለው የወርቅ ቀለበት፣ ማኅተሞችና ለንግድ ወይም ለቆጠራ ያገለገሉ የሚመስሉ ምልክቶች ይገኙበታል። ጸሎት፣ ንግድና አስተዳደር በአንድ ግቢ መገናኘታቸው ከኡራርቱ ቤተ መቅደስና ዕቃ ቤት አንድነት ጋር የሚመሳሰል ሲሆን፣ የአክሱምን መንግሥት በሐውልቶቹና በገንዘቡ ብቻ ለመረዳት የለመደውን ጥናት ወደ ዕለታዊ አሠራር ይመልሰዋል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከእንዱቢስ ጀምሮ የተመታው የአክሱም ገንዘብ የንጉሡን መልክና ስም በብረት ላይ ያተመ ነውና፣ ማኅተም በብዙ ሺህ ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ የዞረበት ሁኔታ ተደርጎ ቢታይ ስሕተት አይሆንም።

የደጋው ምድር ለማሸጊያ ጭቃ የተመቸ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ያልተተኮሰ ጭቃን ያሟሟል፤ የተረፈውም ቁራሽ የግድግዳ ምርግ መስሎ በቁፋሮ ጊዜ ከአፈር ጋር ሊጣል ይችላል። ከአንበሳሜ እስከ ደብረ ታቦር ባለው አገር የጠላ ጋን ሲጠነሰስ አፉ ተከድኖ ዙሪያው በጭቃ እንደሚለሰን፣ ጋኑ ሲከፈትም ያ ጭቃ ተሰብሮ እንደሚጣል የሚያውቅ ሰው፣ እንዲህ ያለ ቁራሽ ከሺህ ዓመት በኋላ በአፈር ውስጥ ምን ሊመስል እንደሚችል ለመገመት አይቸገርም። በጋኑ ልስን ላይ የጎደለው የማኅተሙ አሻራ ብቻ ነው፤ በቤተሰብ ዘንድ መተማመን ስላለ አሻራ አያስፈልግም፤ አሻራ የሚያስፈልገው ዕቃው የማይተዋወቁ ሰዎች እጅ ሲገባ ነው።

ይህ ነጥብ ወደ መካከለኛው ዘመን ያሻግራል። ከአክሱም በኋላ የነገሡት ነገሥታት ለርስትና ለጉልት የሰጡት ዋስትና በማኅተም ላይ የተመሠረተ አልነበረም። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ የሚታወቁት የመሬት ስጦታ ጽሑፎች፣ ንጉሥ ላሊበላ የሰጣቸውንም ጨምሮ፣ የተመዘገቡት በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነው፤ የሚያጸኗቸውም የምስክሮች ስም ዝርዝር፣ የመጽሐፉ ቅድስናና ቃሉን በሚያፈርስ ላይ የሚታወጅ ግዝት ናቸው። ዶናልድ ክራሚ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር በጎንደር፣ በበጌምድርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ያጠናቸው የጉልት መዝገቦች ይህ ሥርዓት እስከ 18ኛውና 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሕያው እንደነበረ ያሳያሉ። አሠራሩን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ጭቃ ይሰበራል፣ ማኅተም ይሰረቃል፤ መጽሐፈ ነገሥት እንኳ ኤልዛቤል በአክዓብ ማኅተም የሐሰት ደብዳቤ አትማ ናቡቴን እንዳስገደለች ይተርካል። በመንበሩ ፊት የተነበበና ካህናቱ ሁሉ የሰሙት ግዝት ግን በአንድ ሌባ እጅ አይሻርም። ደጋው ዋስትናውን በዕቃው ላይ ከማኖር ይልቅ በማኅበሩ ትውስታ ላይ አኖረ፤ ይህም ራሱን የቻለ የአስተዳደር ጥበብ ነው።

ማኅተም በደጋው ቤተ መንግሥት ይበልጥ የሚጎላው ከሩቅ አገሮች ጋር የሚደረገው ግንኙነት ሲሰፋ ነው፤ ምክንያቱም በባዕድ ነገሥታት ዘንድ ግዝት አይሠራም። የጎንደር ነገሥታት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ሆላንዳውያን ባታቪያ ጭምር የላኩት አርመናዊው ነጋዴ ኮጃ ሙራድ ነበር፤ እንዲህ ያለ መልእክተኛ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ምልክት ይዞ መሄድ ነበረበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማኅተም በቀለም ተነክሮ በወረቀት አናት፣ ከጽሑፉ በላይ፣ የሚያርፍ ሆነ፤ ስቬን ሩቤንሰን «አክታ ኤቲዮፒካ» በሚል ርእስ ከ1987 ጀምሮ በሦስት ቅጽ ያሳተማቸው ደብዳቤዎችና ውሎች የዚህን ዘመን አሠራር ለመከታተል ዋነኛ መሣሪያ ናቸው።

ደብረ ታቦር በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው ካደረጓት ከዚህች ከተማ ሆነው አገር ሲያስተዳድሩ ይጠቀሙበት የነበረው ማኅተም የአንበሳ ምስል ያለበት ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥትነት ስማቸውን በግእዝ ፊደልና በዓረብኛ ይዟል። ሁለቱ ጽሕፈቶች ጎን ለጎን መሆናቸው ማኅተሙ ከአገር ውስጥ ይልቅ ለውጭ አንባቢ፣ በተለይም ለግብፅና ለቱርክ ባለሥልጣናት፣ እንደታሰበ ይጠቁማል። በሚያዝያ 1868 መቅደላ ሲወድቅ ማኅተሙ ከሌሎች ቅርሶች ጋር ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ንግሥት ኤልሣቤጥ ዳግማዊት በ1965 ኢትዮጵያን ሲጎበኙ ከቴዎድሮስ ቆብ ጋር ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ መለሱት። ከመቅደላ ከተዘረፈው ብዙ ቅርስ መካከል ይህ መመለሱ ተገቢ ነበር፤ የቀረው የብራናና የታቦት ሀብት ደግሞ እስከ ዛሬ በባዕድ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክር መኖሩ ተገቢ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1907 ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ጥበቃ በጸሐፌ ትእዛዙ በሚመራው የጽሕፈት ሚኒስቴር ሥር ሆነ፤ ማኅተሙ ከንጉሡ ጣት ወደ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የተሸጋገረበት ጉዞ ከዚያ ጀምሮ በየቀበሌው ክብ ማኅተምና ቲተር፣ በጨረታ ማስታወቂያ ላይ በሚነበበው በሰም የታሸገ ኤንቨሎፕም ዘልቋል።

ለደቡብ ጎንደርና ለአካባቢው ደጋ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ተግባራዊ ጉዳይ የቁፋሮ አቅጣጫ ነው። በእንፍራንዝ በኩል ያለው የጉዛራ ግንብ፣ የደብረ ታቦር ሰመራና የማኅደረ ማርያም ግቢ እስከ አሁን ሲታዩ የኖሩት በግንባቸው፣ በነገሥታታቸውና በጦርነታቸው ነው። በእነዚህ ቦታዎች ቁፋሮ ሲካሄድ ከአዳራሾቹ በፊት የጠጅ ቤቱ፣ የእህል ጎተራውና የግምጃ ቤቱ ወለል ቢፈለግ፣ አመድና የተቃጠለ ጣሪያ ያለበት ንጣፍ ቢመረጥ፣ አፈሩም ሁሉ በደቃቅ ወንፊት ቢነፋና የተገኘው የጭቃ ቁራሽ ውኃ ሳይነካው ጀርባው ቢመረመር፣ የገመድ ወይም የቆዳ አሻራ ያለበት አንድ ቁራሽ እንኳ የትኛው ግብር ከየትኛው አገር መጥቶ በማን እጅ ይከፈት እንደነበረ ከዜና መዋዕል በተለየ አንደበት ሊናገር ይችላል።